ከቆሼ ሥር ያለው ውሃ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ስለ ቆሼ፣ ስለ አዲስ አበባው የቆሻሻ ተራራ ላውራችሁ። የተራራውን ወሬ ሰምታችኋል፤ የእኔ ወሬ ከተራራው ሥር ስላለው ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ቆሼ ያለበት ረጲ ገና ከከተማ ውጭ በነበረበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ጥራጊዋን እዚያ መድፋት ጀመረች። ደፋች፣ ደፋች፣ ሃምሳ ዓመት ደፋች። 36 ሄክታር ያህል ሞላ። ከተማዋም እየሰፋች ሄዳ ተራራውን መሐሏ አደረገችው። ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ የለም፤ በዚያን ጊዜ ማን አስቦት! መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተራራው ተናደ። ከ110 በላይ ሰው አለቀ። ይህን ታውቁታላችሁና አላበዛበትም።

ውሃው ግን ሲሄድ ድምፅ የለውም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በቆሻሻው ውስጥ ያልፋል፤ የበሰበሰውን ምግብ፣ የባትሪውን ብረት፣ የመድኃኒቱን ቅሪት አጥቦ እንደ ጉሽ ጠላ ደፍርሶ ይወርዳል። ከፊሉ በጎን ይወጣል፤ እሱስ ይታያል፣ ይሸታል። ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል። ከዚያስ ወዴት?

አዲስ አበባ ተዳፋት ናት። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ወደ 2,100 ይወርዳል። የከርሰ ምድሩ ውሃም በጥቅሉ ይህንኑ ተከትሎ ወደ ደቡብ ያዘግማል። ከተማዋ የምትጠጣባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች በብዛት ያሉትስ የት ነው? አቃቂ! የቆሼ ፍሳሽ እዚያ ደርሷል አላልኩም፤ መንገዱ ረጅም ነው። አቅጣጫውን ያየ ሰው ግን ለክቶ ማወቅ አለበት።

ለኪው መጀመሪያ የሚፈልገው መንገዱን ነው። ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ በሦስት ማዕዘን ያስቆፍራል። ሜትሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ከላይ ጢጥ ይላል። ልብ በሉ፣ ጥልቀቱን ብቻ የጻፈ ይሸወዳል። የአንዱ ጉድጓድ አፍ 2,250 ሜትር ላይ ሆኖ ውሃው በ20 ሜትር ተገኘ እንበል፤ የሌላው አፍ 2,230 ላይ ሆኖ በ8 ሜትር። የሁለተኛው ውሃ ለአፉ ቅርብ ስለሆነ ከፍ ያለ ይመስላል። ቀንሱታ! 2,230 እና 2,222። ውሃው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይወርዳል።

ከጉድጓዶቹ አንዱ የግድ ከቆሻሻው በላይ፣ ውሃው ከሚመጣበት ወገን መሆን አለበት። ሰነፍ ይህን ይዘለዋል። ናይትሬት እኮ ከሰፈሩ መጸዳጃ ጉድጓድም ይመጣል። የላይኛው ካልተለካ፣ የታችኛው ሲበላሽ ማንን ልትከሱ ነው?

ናሙና ሲቀዳም ወግ አለው። የተኛው ውሃ በፓምፕ ይወጣል፤ ሙቀቱ፣ አሲዳማነቱና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ መለዋወጡን ሲያቆም ብቻ ጠርሙሱ ይሞላል። ብረታ ብረት ለሚመረመርበት ጠርሙስ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል፤ አለዚያ ብረቱ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀርና ቤተ ሙከራው «ንጹሕ ነው» ይላችኋል። ከዚያ በረዶ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይጓዛል።

ቀድሞ የሚደርሰው እንግዳ ክሎራይድ ነው። ጨው ነውና ከአፈር ጋር አይጣላም፣ አይጣበቅም፤ ከውሃው እኩል ይሄዳል። እርሳስ በሸክላ አፈር ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በታችኛው ጉድጓድ ክሎራይድ ከዓመት ዓመት ሲጨምር ያየ ሰው እርሳሱን አይጠብቅም።

የእኛ መሬት ግን ተንኮለኛ ነው። እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ በስንጥቅ ያሳልፋል፤ ጉድጓዳችሁ ስንጥቁን በአንድ ክንድ ከሳተው፣ ፍሳሹ በአጠገቡ ሲያልፍ ንጹሕ ውሃ ትቀዳላችሁ። ሦስት ጉድጓድ ለመነሻ እንጂ ለቆሼ የሚበቃ አይመስለኝም። ጊዜውም እንዲሁ ነው፤ አሜሪካኖች የከተማ ቆሻሻ መጣያ ከተዘጋ በኋላ እንኳ በመደበኛው 30 ዓመት ውሃውን መለካትን በሕግ ያስገድዳሉ።

ያልተለካ ውሃ እምነትም ያሳጣል። ከናዳው በፊት፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ቆሻሻው ከከተማዋ ውጭ ወዳለችው ሰንዳፋ ተወስዶ ነበር። የዚያ ገበሬ ለውሃውና ለከብቱ ፈርቶ ተቃወመ፤ በዚያው ዓመት መጣያው ተዘጋና የቆሻሻ መኪናው ወደ ረጲ ተመለሰ። ገበሬው ለምን እንደማያምን አይገርመኝም፤ የውሃ ውጤት በእጁ የሰጠው ካልነበረ በምን ያምናል?

እናንተ ከተማውን የምታስተዳድሩ ሆይ፣ በቆሼ ዙሪያ ውሃው ከክረምት በፊትና በኋላ በየዓመቱ ይለካ። ውጤቱም፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን።