ርካሹ ቤት ስንት ያስከፍላል? ከትርፍ ቤት አዋጅ እስከ ኮንዶሚኒየም

የጎጃም የመሬት ታሪክ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ርስት ነው፤ የ1960ው የግብር አመጽም አብሮ ይወራል። የከተማው የቤት ኪራይ ግን ታሪክ የሌለው ይመስል ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ግድግዳው በባሕር ዛፍና በጭቃ፣ ጣሪያው በቆርቆሮ የተሠራ አሮጌ የቀበሌ ቤት የሚያይ ሰው የ50 ዓመት የፖሊሲ ውጤት እያየ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራይ ተቀነሰ። ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። ለዘመናት በባለቤቱ ቸርነት ሲኖር ለነበረ ተከራይ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ቤቶቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጠ።

ልብ በሉ፤ የሁለቱ አከራዮች ዕጣ የተወሰነው ያኔ ነው። ድርጅቱ ቪላውንና ፎቁን ያዘ፤ ለጥገና የሚሆን ገቢም አብሮ መጣለት። ቀበሌ የደረሰው የጭቃ ቤቱና የጋራ ሽንት ቤቱ ነው። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ በየጊዜው ካልተመረገ የጎጃም ክረምት ያጥበዋል። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ፤ የእንጨት፣ የቆርቆሮና የሠራተኛ ዋጋ ግን አልቆመም። ከተከራዩ የሚሰበሰበው ጥቂት ብር አንድ ጣሪያ ለመቀየር አይበቃም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ያመነታል። እንግዲህ የቀበሌን ቤት ከኪራይ ቤቶች ጋር አስተያይቶ «ቀበሌ ሰነፍ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሁለቱ ከመነሻው እኩል አልተሰለፉም። የኪራይ ቤቶች ተቋም በ2009 የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሲሆን እንኳ በእጁ የነበረው በከተማ እምብርት ያለ ውድ ሀብት ነው።

ኢሕአዴግ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤት ሊገነባ አቅዶ፣ እስከ 2002 ገደማ 171 ሺህ ያህል ሠራ። በቁጥር ካየነው ከዚያ በፊት የነበረ የትኛውም የመንግሥት አካል ይህን ያህል አልሠራም። ግን ቤቱ የሚሸጥ ነው፤ ቅድመ ክፍያ አለው፣ የባንክ ወለድ አለው። ዕጣ ደርሶት የወር ክፍያው የከበደው ሰው ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ቤት ፍለጋ ወጣ። በክልል ከተሞች ፈላጊው ስላነሰ ግንባታው ከአዲስ አበባ በስተቀር ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በክልል ከተማ መሬት በማኅበር ተደራጅቶ ይገኛል፣ ጓሮም ያለው ቤት ይሠራበታል። ፎቅ ላይ በርበሬ የት ይሰጣል?

የማኅበር ቤት ለመንግሥት ወጪው ትንሽ ነው፤ ቦታ ይሰጣል፣ አባላቱ በዝግ ሒሳብ ቆጥበው ይሠራሉ። ደመወዝተኛውን መምህር ጠቅሟል። በቀን ሥራ የሚያድረውን ግን በሩ ላይ ይመልሰዋል፤ ዝግ ሒሳብ የሚባለውን ከየት አምጥቶ ይሞላል?

ለአንድ ብር የተገኘው ጥቅም ሲሰላ፣ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የተገነባው ቤት ብዛት ነው። ማን ገባበት የሚለው ግን አብሮ ካልተቆጠረ፣ ያ እያፈሰሰ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ሁልጊዜ ተሸናፊ ይሆናል። እሱ ግን ቅድመ ክፍያ ሳይጠይቅ መበለቷን፣ ጡረተኛውንና የቀን ሠራተኛውን ያኖረ ብቸኛው ነው። አዲስ አበባ ልደታ ሲፈርስ ለቀበሌ ተከራዮች ኮንዶሚኒየም ቀረበላቸው፤ ቅድመ ክፍያው ያልሞላለት ሰው የጠየቀው ሌላ የቀበሌ ቤት ነበር።