በሐዋሳ የተተከለ አጸድ

የደብር ደን ለሐዋሳ ውርስ አይደለም። ደቡብ ጎንደርና ጎጃም ብትሄዱ ደኑ ከደብሩ ጋር አብሮ ያረጀ ነው፤ ዙሪያው እየታረሰ ሲራቆት አጸዱ ብቻ ቀረ። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሲዳማ ከብት አርቢዎች አዳሬ ይሉት በነበረው በዚህ ሜዳ ላይ የነበረው ግራር፣ ሣርና የሐይቅ ዳር ሾላ ነው። በ1952 ዓ.ም.፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ሲያስተዳድሩ ከተማዋ ስትቆረቆር ጎዳና ተቀየሰ፣ ግራሩ ተመነጠረ፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮችም መሬት እየተሰጣቸው ሰፈሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ዙሪያውን ዛፍ መትከልን ይዘው የመጡት እነዚህ ከሰሜንና ከሸዋ የመጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የሐዋሳ አጸድ ሁሉ ሰው በእጁ የተከለውና ውሃ ያጠጣው ነው።

እኔ ወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ተምሬ፣ ዕድሜዬን በችግኝ ጣቢያ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን በአጥቢያዬ ሰበካ ጉባኤ እቀመጣለሁ፤ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ ማለት ነው።

አባቶቻችን የአካባቢ ጥበቃ መምህራን ነበሩ እየተባለ ሲሰበክ እሰማለሁ። ደስ ይላል፤ ግን እኔ እንደሚመስለኝ ዛፉን ያተረፈው ከስብከቱ ይልቅ አጥሩና ፍርሃቱ ነው። የደብር ዛፍ የታቦት ነው፤ የታቦትን ንብረት የነካ ይቀሠፋል። ለጣሪያው ማገር፣ ለመቅደሱ በር ሲፈለግ ተጸልዮበት ይቆረጣል፤ ለማገዶ ግን ማንም እጁን አያነሣበትም። ሙታን ከሥሩ ያርፋሉ፣ የቆሎ ተማሪ በጥላው ይቀጽላል። ዛፉ ባለቤት፣ ሥራና ወሰን ነበረው። ደን የሚተርፈው በእነዚህ ሦስት ነገሮች መሆኑን በችግኝ ጣቢያ ስንት ዘመቻ ሲከሽፍ አይቼ ነው የተማርኩት።

ልማዱ ክፉኛ የተፈተነው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያኒቱን የእርሻ መሬት ወሰደ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የወጣው ሐምሌ 19 ቀን ነበር። ሐምሌ 19 ምን እንደሆነ ለሐዋሳ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ የገብርኤል ንግሥ ነው። ኪራይ የሚገኝበት ቤት ሁሉ በዚያ ቀን ሄደ። ለደብሮች የቀራቸው ቅጥራቸው ነበር። በየአገሩ አጸድ ውስጥ ባሕር ዛፍ የበዛው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ይሸጣል፣ ካህናቱ ደግሞ መብላት አለባቸው። አልፈርድባቸውም። ባሕር ዛፉ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር እንዲበቅል እምብዛም አይፈቅድም።

ስለ ደብር ደኖች አብልጦ የሠራ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ ዋግኒንገን ያቀረበው ጥናት ያመጣው ዜና ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በደቡብ ጎንደር አጸዶች የቆሙት ትላልቅ ዛፎች ናቸው፤ ከሥራቸው ተተኪ ችግኝ እምብዛም የለም። አብዛኛው አገር በቀል ዛፍ ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ የበቀለውንም ከብት ይግጠዋል። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ካገኘችው በኋላ ሁለቱ ሆነው ገንዘብ እያሰባሰቡ ደብሮቹ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ረድተዋል፤ ድንጋዩን የለቀመውና የካበው ምእመኑ ነው።

በሐዋሳ ቅጥሮች ውስጥ ከብት አይገባም። የእኛ ከብት መጥረጊያ ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢ የሚጠርጉ እናቶች ለበረከት ብለው ነው የሚደክሙት፤ ቅጠሉን ሲጠርጉ ግን ዘሩም አፈሩም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ የንግሥ ሕዝብ ይረግጠዋል፣ ከዚያ ጭቃው ስላስቸገረ ድንጋይ ይነጠፋል። ዝግባን ብቻ ብንወስድ፣ ፍሬውን የሸፈነው ሥጋ ተልጦ ከውስጥ የሚወጣው ቅርፊት እንደ ጠጠር የጠነከረ ነው። በችግኝ ጣቢያ በመዶሻ ቀስ አድርገን፣ ፍሬውን ሳንጨፈልቅ፣ ሰንጠቅ እናደርገው ነበር፤ አለዚያ ለመብቀል ወራት ይፈጅበታል። ይህን ዘር በተነጠፈ ድንጋይ ላይ ጥሎ ደን መጠበቅ ዘበት ነው።

የሐዋሳ አጸድ ብቻውን እንዳይመስላችሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ፍቼ ጫምባላላ አለ፤ ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ያከብረዋል። በዚያ በዓል ሽማግሌዎች ከሚያሳስቡት አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ የእኛ ልማድ በቅጥር ውስጥ ያለውን ይጠብቃል፣ የእነርሱ በሜዳ ላይ ያለውን። በከተማዋ የበዙት ወንጌላውያን ደግሞ ታቦትም የመቃብር አጸድም የላቸውም፤ ዛፍ እንዲተክሉ ሌላ ምክንያት ያስፈልጋቸዋል። ግን ወጣት አላቸው፣ መዘምራኑ ብቻ አንድ ኮረብታ በቅዳሜ ሊተክሉ ይበቃሉ። በውጭው ዓለም የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዲሜጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1989 ለፍጥረት የጸሎት ቀን ሰይመዋል፣ የሮማው ፖፕ ፍራንሲስም በ2015 መልእክት ጽፈዋል። የእኛ ቅዳሴ ከጥንት ጀምሮ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ ይማልዳል፤ የጎደለን ጸሎት አይደለም።

የጎደለን ከአጥር ውጭ ያለውን መቁጠር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ዋናው ገባሪው ጥቁር ውሃ ነው፤ ጥቁር ውሃ የሚያልፍበት ጨለለቃ በአንድ ወቅት ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግ ነው። ከምሥራቅ ተራሮች የተጠረገ አፈር ነው የሞላው። ከቅዳሴ ስንወጣ የጠበሉን ሃይላንድ ከቅጥሩ ማዶ ቦይ ውስጥ የምንጥል ሰዎች ይህን ሐይቅ ነው የምንሞላው።

አንዲት አጥቢያ ውስጥ አጥሩን ተከትሎ የሚከራይ ሱቅ ይሠራ ተብሎ ስንከራከር ነበርኩ። ሱቁ ተሠራ፤ ወይራዎቹ ተቆረጡ። የመቅሠፍት ፍርሃት በወር ኪራይ ፊት እንዴት እንደሚቀል አየሁ። በፍርሃት ብቻ የቆመ ልማድ ከተማ ውስጥ ረጅም ዕድሜ የለውም።

እንግዲህ ለሐምሌ 19 ስለት የምታስገቡ፣ ጃንጥላውና መጋረጃው በየዕቃ ቤቱ በቅቷል። አንድ የዝግባ ወይም የወይራ ችግኝ ይዛችሁ ኑ፤ ሰበካ ጉባኤውን ቦታ ጠይቁና ስማችሁን አስመዝግቡ፣ በእሾህም እጠሩት። ለታኅሣሥ 19 ንግሥ ስትመለሱ በጋ ነው፤ ከጧፉ ጋር አንድ ጄሪካን ውሃ ያዙለት።