የውጫሌን ውል ስናስተምር የሁለቱን ወገን ቃል ስለ ማስተባበር

በሀገራችን የዳኝነት ልማድ የከሳሽ ቃል ብቻ ተሰምቶ ፍርድ አይሰጥም፤ ተከሳሹም ቀርቦ መልሱን እስኪሰጥ ይጠበቃል። የታሪክ መምህር ግን ይህን ሥርዓት ዘወትር አይጠብቅም። እኔም በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታት ስለ ውጫሌ ውል የአንዱን ወገን ቃል ብቻ አጽፍ ነበር። አንድ ቀን አንድ ተማሪ፥ «ኢጣሊያኖችስ ምን ብለው ተከራከሩ?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ማስታወሻዬን እንደ ገና የጻፍሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንዱን ገጽ ከመካከሉ አስምሬ በአንድ ወገን የዳግማዊ ምኒልክን፥ በሌላው ወገን የኢጣሊያን ክርክር አሰፈርሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ፥ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ግን በዚሁ መንገድ ለመገልገል እንደ ተስማሙ ይናገራል። ኢጣሊያም በዚህ ቃል ተመርኩዛ በ1882 ዓ. ም. የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ በእርሷ በኩል እንደሚፈጸም ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ይህም ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንዳለች መቍጠር ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለቱን ወገኖች ጐን ለጐን አስተያየሁ። 19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙና እኩል የሚታመኑ ናቸው ስለሚል፥ ማናቸውም ወገን የእኔ ብቻ ይጽና ለማለት አይችልም። ምኒልክ በ1883 ዓ. ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ሲጽፉ፥ ጉዳያችን በወዳጅነት በኢጣሊያ በኩል ሊፈጸም ይችላል አልሁ እንጂ ግዴታ አልገባሁም አሉ። የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ደግሞ ለመንግሥታት የተነገረውን ቃል መመለስ ለኢጣሊያ ክብር አይስማማም ሲሉ፥ እቴጌ ጣይቱ ኢትዮጵያም የምትጠብቀው ክብር እንዳላት መለሱላቸው።

ክርክሩ በሊቃውንትም ዘንድ ቀጥሏል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ ስቬን ሩቤንሶን፥ አንቶኔሊ የጽሑፎቹን ልዩነት ያውቁ ነበር ሲሉ፥ ካርሎ ጂሊዮ ሐሳባቸውን ተቃውመው ጽፈዋል።

ነገር ግን የሁለቱን ቃል ማስተባበር እውነትን ከሁለት ከፍሎ ማካፈል አይደለም። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ. ም. አፈረሱ፤ በ1888 ዓ. ም. የዓድዋ ድል ሆነ፤ በ1889 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውልም የውጫሌን ሽሮ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አጸና። ድሉ ነጻነትን አስከበረ፤ «ይቻላቸዋል» ማለት ግን ግዴታ አለመሆኑ ከጦርነቱ በፊትም በብራና ላይ የታወቀ ነበር። ተማሪው የተቃዋሚውን ክርክር በሙሉ ኃይሉ ሰምቶ ይህን ሲረዳ፥ እውነቱ በሌላ ሰው ቃል የማይናወጥ የራሱ እውቀት ይሆናል።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራን፥ ያን መስመር በማስታወሻችሁ መካከል አስምሩ፤ ፍርዱንም ሁለቱም ወገኖች ከተሰሙ በኋላ ከገጹ ግርጌ ጻፉት።