በማን ቁና?

አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን እኔ ሥነ ጽሑፍ፣ እሱ ታሪክ እናስተምር ነበር። አላገባም፣ አልወለደም፤ ደመወዙም ከመጻሕፍትና ከማኪያቶ ተርፎ አያውቅም። ኩላሊቶቹ ከደከሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄዳል። አንዳንዴ አብሬው ሄጄ ደጅ እጠብቀዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ሲወጣ ፊቱ ገርጥቷል፤ ምላሱ ግን እንደ ወትሮው ስል ነው።

“እጥበት ስጀምር የጉበት በሽታ ክትባት ውሰድ አሉኝ፤ ወሰድኩ። አሁን ደግሞ ከንቅለ ተከላው በፊት የሚቀርህ ክትባት አለ አሉኝ፤ እሱንም እወስዳለሁ። ግን እስቲ ንገረኝ፣ አሻፈረኝ ብል ኩላሊቱን ይከለክሉኝ ነበር? ቢከለክሉኝስ ልክ ናቸው?”

ኩላሊቱን የምትሰጠው ታናሽ እህቱ ናት። ለጊዜው ቀልጄ አለፍኩት። ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

“ክትባት ያልወሰደ ንቅለ ተከላ አያገኝም” የሚለው ክርክር ጎልቶ የተሰማው በኮሮና ዘመን፣ በሰሜን አሜሪካ ነው። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። ሥሩን የሚፈልግ ሰው ወደ ሲያትል ከተማ፣ ወደ 1960ዎቹ መጀመሪያ መመለስ አለበት። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በ1960 ቤልዲንግ ስክሪብነር የሚባል የሲያትል ሐኪም፣ ከታማሚው ክንድ ሳይነቀል የሚቆይ ቱቦ ሠራ። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ እጥበት የደም ሥር መቁረጥ ግድ ስለነበር፣ ሕክምናው ከጥቂት ጊዜ በላይ አያስኬድም ነበር። ቱቦው ሲመጣ ኩላሊቱ የሞተ ሰው ለዓመታት መኖር ቻለ። በ1962 መጀመሪያ የእጥበት ማዕከል ተከፈተ። ችግሩ ምን ነበር? አልጋዎቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ ታማሚዎቹ ግን ብዙ መሆናቸው ነዋ! ሐኪሞቹ መጀመሪያ ሕክምናው የማይስማማቸውን ለዩ። ከዚያ በኋላም ተራ ጠባቂው ከአልጋው በለጠ። ታዲያ ማን ይምረጥ?

ስማቸው የማይነገር ሰባት ሰዎች ተሰየሙ። ጠበቃ፣ ቄስ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ሹም፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪና አንድ ቀዶ ሐኪም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ያለ ክፍያ፣ እየተጨነቁ ነበር የሚሠሩት። ነገር ግን ሚዛን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው ቤታቸው ያለውን ቁና ይዘው መጡ። ይህ ሰው ባለትዳር ነው? ስንት ልጅ አለው? ገቢው ስንት ነው? ተምሯል? ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል? ላይፍ መጽሔት በኅዳር 1962 ጉዳዩን ሲያወጣው፣ አንድ ታማሚ ቢሞት ሚስቱ ሌላ ባል የማግኘት ዕድሏ ምን ያህል ነው እስከማለት መድረሳቸው ታወቀ። ልጅ የበዛባት መበለት ባል አታገኝምና አባወራው ይትረፍ፣ እንደማለት ነው።

አሜሪካኖች ደነገጡ። ብዙዎች የሕክምና ሥነ ምግባር የሚባለው የዛሬው ትምህርት ከዚህ ድንጋጤ ተወለደ ይላሉ። በ1971 አንድ ታማሚ ከእጥበት ማሽን ጋር እንደተያያዘ በአገሪቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1972፣ መንግሥት የእጥበትንና የኩላሊት ንቅለ ተከላን ወጪ እንዲሸፍን ሕግ ወጣ። ማሽን በገንዘብ ይገዛልና ሰባቱ ሰዎች ወደየቤታቸው ገቡ።

ኩላሊት ግን እንደ ማሽን ፋብሪካ አያመርተውም። በ1984 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሰውነት ክፍል መሸጥና መግዛትን ከልክሎ ክፍፍሉን በአገር አቀፍ መረብ አደረገው። ዛሬ እዚያ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ከመቶ ሺህ በላይ ነው። ወረፋ ባለበት ደግሞ የመራጭ ቁና አይጠፋም።

እዚህ ላይ ክትባቱን እናምጣው። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ላይ ሲደረግ፣ ሰጪውና ተቀባዩ መንትዮች ነበሩ። የአንዱ ሰውነት የሌላውን ኩላሊት እንደ ባዕድ አላየውም። መንታ የሌለው ሰው ግን የራሱ የመከላከል ኃይል አዲሱን ኩላሊት እንደ ወራሪ ጠላት ይቆጥረዋል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመጡት መድኃኒቶች፣ በተለይም በ1983 አሜሪካ የፈቀደችው ሳይክሎስፖሪን፣ ይህንን ዘበኛ አስተኙት። ንቅለ ተከላን ለብዙው ሰው ያዳረሱት እነሱ ናቸው።

ዘበኛው ከተኛ ግን ሌባውም ይገባል። ለሌላው ሰው የሦስት ቀን ጉንፋን የሆነው ነገር ለተተከለለት ሰው መቃብር ሊሆን ይችላል። ክትባት ደግሞ የሚሠራው ይህንኑ ዘበኛ በማሠልጠን ነው። ያስተኙትን ዘበኛ ማሠልጠን አይቻልም! እንደ ኩፍኝ ክትባት ያሉት፣ ከተዳከመ ሕያው ተሐዋሲ የሚሠሩት፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ በአብዛኛው አይሰጡም። ሌሎቹም ቢሰጡ ጉልበታቸው ያንሳል። በ2021 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ንቅለ ተከላ ካደረጉት ሰዎች ሁለት ጊዜ የኮሮና ክትባት ወስደው ደማቸው ውስጥ ምላሽ የታየባቸው ከመቶ 54ቱ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሐኪሙ “አስቀድመህ ተከተብ” ሲል ማስፈራራቱ አይደለም። ከተተከለ በኋላ ይዘገያል ማለቱ ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት፣ ንቅለ ተከላ አድርገው በኮሮና ሆስፒታል ከገቡት መካከል ከአምስት አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ ይሞት ነበር።

በዚህ ሁሉ ሐኪሙ ትክክል ነው። ግን እዚህ ላይ አናቁም፤ የሲያትሉን ቁና ገና አልረሳነውምና።

ሐኪሞች የጤና ያሉት መስፈርት ተመርምሮ ፍርድ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። በመጠጥ ጉበቱ የተጎዳ ሰው፣ ስድስት ወር ከመጠጥ ካልራቀ ጉበት አይተከልለትም የሚል ደንብ ለዓመታት ሠርቷል። ምክንያቱ የሕክምና ይመስል ነበር። ሆኖም በጠና የታመመው ስድስት ወር አይቆይም፤ ደንቡን ሲጠብቅ ይሞታል። በ2011 የፈረንሳይ ሐኪሞች የመሩት ጥናት ስድስት ወሩን ሳይጠብቅ፣ ተጠንቅቆ ለመረጣቸው ታማሚዎች ጉበት ተከለ። ስድስት ወር የኖሩት ከመቶ 77 ሆኑ፤ ካልተተከለላቸው መሰሎቻቸው ግን ከመቶ 23 ብቻ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሆስፒታሎች ደንቡን አላሉት። ያ ስድስት ወር በከፊል መድኃኒት፣ በከፊል ንስሐ ነበር ማለት ነው። ሐኪም ደግሞ ንስሐ አባት አይደለም።

የኮሮናውም ክርክር እንዲሁ ድብልቅ ነበር። በ2021 በኮሎራዶ ግዛት አንዲት ታማሚ ኩላሊት የሚሰጣት ሕያው ሰው አግኝታ ሳለ፣ ሁለቱም ክትባቱን ባለመውሰዳቸው ሆስፒታሉ መለሳቸው። ልብ በሉ፤ ይህ ኩላሊት የወረፋው አይደለም። ለእሷ የተሰጠ ስጦታ ነው። እሷ ብትከለከል ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። “ለሌላው ልናተርፈው ነው” የሚለው ምክንያት እዚህ አይሠራም። የሚቀረው ለራሷና ለሰጪው ደኅንነት ማሰብ ነው፤ እሱ ደግሞ በማስረዳት እንጂ በር በመዝጋት ብቻ አይፈታም። በካናዳ አልበርታ ሌላ ታማሚ ፍርድ ቤት ሄደች። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2022 ይህ የሐኪሞች ሙያዊ ውሳኔ ነው ብሎ ወሰነባት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 ጉዳዩን አላይም አለ። በዚያው ዓመት አረፈች።

ክትባትን በሕግ ማስገደድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ያለ ሰው ለጎረቤቱ ጤና ሲባል ሊቀጣ ይችላል ብሎ ፈርዷል። ቅጣቱ ግን 5 ዶላር ነበር። ከ5 ዶላርና ከሕይወት ልዩነቱን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዋጋው እንዲህ በከበደ መጠን፣ ምክንያቱም በዚያው መጠን የነጠረ መሆን ይገባዋል።

የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። መስፈርቱ የሚጠይቀው ስለ ኩላሊቱ ከሆነ፣ ማለትም ይኖራል ወይስ ይሞታል፣ ተቀባዩስ ይተርፋል ወይ ከሆነ፣ ተገቢ ነው። ከወረፋ የሚሰጥ ኩላሊት ደግሞ አንድ ቤተሰብ በሐዘኑ ቀን የሰጠው አደራ ነው፤ አደራ ተቀባይ መጠንቀቅ አለበት። የሚጠይቀው ስለ ሰውየው ከሆነ ግን፣ ታዛዥ ነው ወይ፣ የእኛ ወገን ነው ወይ፣ አዋቂ ነው ወይ ከሆነ፣ የሲያትሉ ኮሚቴ ነጭ ጋዋን ለብሶ ተመልሷል ማለት ነው። መለያው ቀላል ነው። በሽታው ሲለዘብ መስፈርቱ አብሮ ይለዝባል ወይ? ኮሮና ከተዳከመ ወዲህ አንዳንድ ማዕከሎች ግዴታውን አንስተዋል፤ እሰየው። አንዱ ከተማ የሚከለክለውን ሌላው ይፈቅዳል ወይ? በአሜሪካ ውሳኔው የየማዕከሉ ስለሆነ ይህ ይደርሳል፤ የታማሚው ዕድል በሚኖርበት ሰፈር መወሰኑ ደግሞ ፍትሕ አይባልም። እምቢ ያለውንስ ሰው ቁጭ ብሎ የሰማው አለ ወይ? ፍርሃቱን ሳይሰሙ ስሙን ከመዝገብ መሰረዝ ሕክምና አይደለም።

በማግስቱ ለባልደረባዬ ደውዬ ይህንን ሁሉ ነገርኩት። የሲያትሉን ታሪክ ሲሰማ ዝም አለ። ቆይቶ፣

“ወንደላጤ፣ ልጅ የለው፣ ጥሪት የለው፣ ቤተ ክርስቲያንም በዓመት ሁለቴ… እኔን እኮ ከደጅ ነበር የሚመልሱኝ!” አለ።

“ክትባቱንስ?” አልኩት።

“ክትባቱን ለምን እንደሆነ ቁጭ አድርገው ነግረውኛል። እህቴ ከሰውነቷ ቆርሳ የምትሰጠኝን ልጠብቅበት ነው። ክንዴን ለመርፌ መስጠት አይከብደኝም። ኑሮዬን በቁና ይስፈሩት ቢሉኝ ግን እንጃ።”

ሐሙስ ቀጠሮ አለው። አብሬው እሄዳለሁ።