ጌታ የማይቆጣበት ጨዋታ

ዛሬ ስለ ማዳምም ስለ ኢቃማም አላወራም። ስለ ገና ጨዋታ ታሪክ ልጽፍላችሁ ነው። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም አንብቡት፤ ጨዋታው የእረኞች ነው፣ እኛም አብዛኞቻችን ከእረኛ ቤት ነው የወጣነው።

ገና ሲባል በዓሉም ጨዋታውም ነው። አባቶች ሲናገሩ፣ ጌታ በተወለደ ሌሊት ከብት ሲጠብቁ የነበሩ እረኞች የምሥራቹን ሰምተው በያዙት ዱላ ደስታቸውን ገለጹ፣ ጨዋታው የመጣው ከዚያ ነው ይላሉ። የገበሬው ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ታኅሣሥ ሲደርስ እህሉ ታጭዷል፣ ማሳው ባዶ ነው፣ ጎረምሳውም ትንሽ ፋታ አግኝቷል። ስለዚህ ከበዓሉ ቀናት በፊት ጀምሮ፣ በተለይ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳው ይሞላል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዱላው ጫፉ የተቆለመመ ነው። ቀድሞ ከጫካ ተመርጦ፣ ተልጦ፣ በእሳት ለብ ተደርጎ ይታረቃል። ኳሷ ሩር ትባላለች፤ ከእንጨት ተድቦልቡላ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች። መንደር ከመንደር ይገጥማል፣ አንዳንዴም ቆለኛ ከደገኛ። የተጫዋች ቁጥር የለውም፣ ሃያም ይሁን መቶ የመጣው ሁሉ ይገባል። እንደ እግር ኳስ በኖራ የተሰመረ ሜዳ፣ መረብ ያለው ጎል የለም። ሩሯን እየለጉ የሌላውን ወገን ዳርቻ ማሳለፍ ነው ጨዋታው። መሐል ላይ ገደል ቢኖር በገደሉ፣ ወንዝ ቢኖር በወንዙ። ጥርስ ይረግፋል፣ ቅልጥም ይሰበራል። እኔ ባደግሁበት በሰሜን ሸዋ አንድ ጥርስ የጎደለው ሽማግሌ ሲስቅ ካያችሁ፣ ምን ሆኖ ነው ብላችሁ አትጠይቁም።

የጨዋታው ትልቁ ሕግ ግን ስለ ሩሯ አይደለም። በዚያ ቀን ጌታ አይቆጣም። ባላባቱም አሽከሩም ዱላ ይዞ እኩል ይገባል። አሽከሩ ሩሯን ስቶ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኝ፣ ጌታው አንክሶ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። ማታ ደግሞ አሸናፊዎቹ እየጨፈሩ በየደጁ ይዞራሉ፣ የተሸነፈውን ወገን በግጥም ይሰድባሉ፣ ትልቁንም ሰው ጭምር። ተሰዳቢውም ጠላውን ቀድቶ ያጠጣቸዋል።

ይህንን ነገር አንዳንድ ጸሐፊ ሲያነሳው «የእኩልነት ጨዋታ» ብሎ ያሞግሰዋል። እኔ እንደዚያ ማሞገስ አልችልም። በማግስቱ እኮ አሽከሩ እንጨት ሊለቅም ይወጣል፣ ጌታው ጌታ ነው። አንድ ቀን አይቆጣም ተብሎ ሕግ የወጣለት ሰው በቀሪው ዓመት ምን ያደርግ እንደነበር አስቡት። ባርነት ራሱ በአገራችን በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፣ ሩቅ አይደለም። ደግሞ ያ የአንድ ቀን ነፃነት ለወንዱ አሽከር ነበር። ሴቷ ሠራተኛ ሌሊቱን ዶሮ ስትበልት፣ ጠላ ስታጠል፣ እንግዳ ስታስተናግድ ነው የምትውለው። እሷ ላይ አይቆጡም ያለ ሕግ አልሰማሁም።

ብቻ ቀላል ነገር ነበር ማለቴም አይደለም። ሰው ቤት ውስጥ ሠርታ የምታውቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ድምፅ ሳይነሳባት መዋል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

አሁን ወዳለንበት አገር ልምጣ፤ እዚህም የዱላ ጨዋታ አለ። ጅዳ የኖራችሁ ሳትሰሙት አትቀሩም፣ ሚዝማር ይባላል። የሒጃዝ ሰዎች በሠርግና በበዓል ጊዜ ሁለት ረድፍ ሠርተው ትይዩ ይቆማሉ፣ ከበሮ ይመታል፣ ያጨበጭባሉ፣ ያዜማሉ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሰው እየሆኑ ወደ መሐል ይገቡና ረጅም ዱላ እያሽከረከሩ ይጨፍራሉ። በድሮው ልማድ መሐል ላይ እሳት ይነድ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 መዝግቦታል። እኔ ያየሁት በስልክ ነው፤ የወንዶች ስለሆነ እኛ ከበሮውን ከወጥ ቤት መስኮት ነው የምንሰማው።

በድሮው ጅዳ፣ አሁን ባላድ በምንለው አሮጌው ከተማ፣ ሰፈሮቹ ሓራ ይባሉ ነበር፦ ሓረት አሽ ሻም፣ ሓረት አል የመን፣ ሓረት አል መዝሉም እያሉ። መካም በሰፈር የተከፋፈለች ነበረች። የሰፈር ጎረምሳ በሰፈሩ ስም ይኮራል፣ ከሌላው ሰፈር ጎረምሳ ጋር ይፎካከራል፣ ዱላውም ሁልጊዜ ለጭፈራ ብቻ አልነበረም። የእኛን የላይ መንደርና የታች መንደር ያስታውሰኛል።

ስኑክ ሁርግሮንየ የሚባል ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1884 ጅዳ መጥቶ፣ በ1885 መካ ውስጥ ወራት ተቀምጦ ስለ ከተማዋ ኑሮ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እኛም አለን። ሐበሻ ሴቶች በመካ ቤቶች ውስጥ፣ የተገዙ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ለጌታቸው የሚወልዱ። አፍሪካውያን ባሮች ደግሞ ሥራ በማይኖራቸው ሰዓት በየወገናቸው ተሰብስበው፣ የራሳቸውን ሸኽ መርጠው፣ ጣንቡራ የሚባል እንደ ክራር ያለ መሣሪያ እየመቱ ይጨፍሩ እንደነበር ጽፏል። ያንን ሳነብ ጁምዓ ቀን ለጥቂት ሰዓት ወጥተን አንዷ ቤት ቡና ስናፈላ ታየኝ። ባርነትና ኮንትራት አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ሳዑዲ ባርነትን እ.ኤ.አ. በ1962 ከልክላለች፣ የዛሬዋ ሠራተኛ ደሞዝና ውል አላት፣ የቤት ሠራተኞች ደንቡም በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይላል። ያ ቀን ስንቶቻችን ጋ እንደሚደርስ እናንተው ታውቃላችሁ። ግን ተሰብስቦ መጫወት የሰው ልጅ መጀመሪያ የሚፈልገው ነገር መሆኑን ከዚያ መጽሐፍ አየሁ።

ገናን የሚመስል ጨዋታ ሩቅ አገርም አለ፣ አየርላንድ። ኸርሊንግ ይሉታል። የዱላው ጫፍ እንደ እኛው ነው፣ ብቻ ጠፍጣፋ ነው፤ ኳሷ ቆዳ ለብሳለች፣ በአየር ላይም ትመታለች። ድሮ እንደ ገና ቁጥር አልነበረውም፣ የአንድ አጥቢያ ሰው ከሌላው አጥቢያ ሰው ጋር በማሳ ላይ ይገጥም ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የመሬት ጌቶች ቡድን አቋቁመው ጭሰኞቻቸውን ያጫውቱ ነበር። ያው ጌታና ገባር!

ከዚያ ትልቁ ረሃብ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንች ታመመ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው አለቀ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ተሰደደ። ጨዋታውም በየመንደሩ ተዳከመ። ያነሳው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1884 ተርለስ በምትባል ትንሽ ከተማ የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ማይክል ኩሳክ የሚባል መምህር ቀስቅሶት ማኅበር መሠረቱ፣ ሕግ ጻፉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ክለብ አቆመ። ዛሬም የአንድ መንደር ልጅ ለመንደሩ ክለብ ነው የሚጫወተው፣ ደሞዝ የለውም። ሰኞ አስተማሪ ነው ወይ ገበሬ፣ እሁድ ሰማንያ ሺህ ሰው ፊት ይጫወታል።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን የሴቶቹ ነው። ከአየርላንድ የተሰደዱት ወንዶች ብቻ አልነበሩም። ያላገቡ ልጃገረዶች ብቻቸውን መርከብ ተሳፍረው አሜሪካ ይሄዱ ነበር፣ አብዛኞቹም ኒው ዮርክና ቦስተን የሰው ቤት ገቡ። ቤት ውስጥ ይኖራሉ፣ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ብር ወደ አገር ይልካሉ፣ በላኩት ብር የታናሽ እህት የመርከብ ትኬት ይቆረጣል። ስማቸውን እንኳ በቅጡ የሚጠራቸው አልነበረም፣ ሁሏንም «ብሪጂት» ይሏት ነበር። እዚህ ስሟ ተቀይሮ ሌላ ስም የወጣላት እህት ይህን ስታነብ ፈገግ ትበል። በጋዜጣ ላይ ይቀለድባቸው ነበር፦ ድስት የሰበረች፣ እመቤቷን የመለሰች እየተባለ። ከአገራቸው ሰው ጋር የሚገናኙት በዕረፍት ሰዓታቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ጭፈራ ቤትና ጨዋታ ሜዳ ነበር። ስደተኛው ጨዋታውን ተሸክሞ ሄዶ ነበርና ኒው ዮርክም የአጥቢያ ክለቦች ተቋቁመዋል። አገር ቤት የቀሩት ሴቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1904 ካሞጊ የሚባል የሴቶች ጨዋታ ጀመሩ፤ የሚጫወቱትም በዱላና በኳስ ነው። መጀመሪያ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ነበር የሚጫወቱት።

የእኛ ገና ለምን እንደዚያ ክለብ አልሆነም? እኔ የሚመስለኝ፣ በዓመት አንዴ ስለሚመጣና ሕጉ በአፍ ስለቀረ ነው። ክለብ የሚባለውን ነገር ያመጣልን እግር ኳስ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ጣሊያን ሲገባ ስሙን አስቀይሮ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አስባለው፤ ጠላት እንኳ የሰፈር ስም አልነቀለም። በነገራችን ላይ የጅዳው ኢትሓድ ከእሱ ይቀድማል፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ነው የተመሠረተው። ከአገር ውጭም ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የሚያቋቁሙት የኳስ ቡድን ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ያሉት በ1984 ሂዩስተን ላይ የጀመሩት ውድድር ዛሬ በየዓመቱ ሰው የሚሰባሰብበት ትልቅ በዓል ሆኗል። ገናን የሚይዘው የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ነው። አሁን ሕጉ ተጽፏል፣ የተጫዋች ቁጥር ተወስኗል፣ ዳኛ ፊሽካ ይነፋል፣ ክልል ከክልል ይገጥማል። ጥሩ ነው፣ እንዳይጠፋ። ዳኛ ያለበት ጨዋታ ግን ጌታ አይቆጣም የሚል ሕግ አያስፈልገውም መሰለኝ።

ስሙም በየአገሩ ይለያያል። በኦሮምኛ ቂሌ የሚሉት አሉ፣ ትግራይ ቃርሳ ይሉታል።

እዚህ ጅዳ ሴቶች ስታዲየም ገብተው ኳስ እንዲያዩ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 2018 ነው። አህሊና ባቲን ተጫወቱ፣ አህሊ 5 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የማዳምን ልጆች ይዘው የገቡ እህቶችም አሉ። አንዷ ጓደኛዬ ሕፃኑ ጭኗ ላይ ተኝቶባት ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብዬ ዐረፍኩ ብላኛለች። ጎሉን ማን እንዳገባ አላየችም።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ከንክኖኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማ፣ እናንተ ሴቶቹ ገና ተጫውታችሁ አታውቁም አይደል?» አልኳት። ሳቀችብኝ።

«በሰው ፊትማ ማን ይፈቅድልናል» አለች። «ከከብት ኋላ ግን ማን ያየናል ብለሽ ነው? ይቺ የተጣመመች ጣቴስ በምን የተሰበረች መስሎሻል?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ጣት ሳየው በወፍጮ ድንጋይ ይመስለኝ ነበር።