በሙዝ ቦታ የተቀመጡ

እስቲ ስሙኝማ! ጃማይካ ሲባል ለእኛ ሰው ሬጌው ይቀድማል። ዕድሜ የጠገበውም ጃንሆይ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ አውሮፕላናቸውን የከበበውን ሕዝብ ያስታውሳል። እኔ ግን ዛሬ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ፣ ወደ ፖርትላንድ ልውሰዳችሁ።

እዚያ 2,256 ሜትር ከሚደርሱት ሰማያዊ ተራሮች ሪዮ ግራንዴ የሚባል ወንዝ ይወርዳል። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከባርነት ያመለጡት ማሩኖች እንግሊዝን የተዋጉት በዚህ ጫካ ተሸሽገው ነው፤ መሪያቸው ናኒ ዛሬ በጃማይካ አምስት መቶ ዶላር ኖት ላይ አለች። የማሩኖቹ ዘሮችም እዚያው ከወንዙ በላይ፣ ሙር ታውን ይኖራሉ።

በወንዙ ላይ ሞተር የለም። ረጃጅም ቀርከሃ ጎን ለጎን ይታሰርና ታንኳ ይሆናል፤ ከኋላው ለሁለት ሰው መቀመጫ ይሠራለታል። ካፒቴኑ ከፊት ይቆማል። በረጅም ዘንግ የወንዙን ወለል ገፋ፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ገፋ! እናንተ እግራችሁን ዘርግታችሁ ደኑን ታያላችሁ። ጥንዶች ከሆናችሁ በሁለት ቋጥኞች መሃል በምትጠበው መተላለፊያ መሳሳም ደንብ ነው፤ ካፒቴኑም አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

ታዲያ ይኼ ነገር ለሽርሽር የተሠራ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የተሳፈረው ሙዝ ነው! የሸለቆው ገበሬ ዘለላውን ጭኖ ቁልቁል ይለቀው ነበር፤ ከዚያ ፖርት አንቶኒዮ ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ አሜሪካ። በሮቢን ሁድ ፊልም የምናውቀው ኤሮል ፍሊን በ1946 እ.ኤ.አ. በጀልባው መጣና አገሩን ወደደው። የሙዝ ጫኞቹን ታንኳ አይቶም ወዳጆቹን ይጋብዝበት፣ ያሽቀዳድምበት ጀመር። እንግዳው ሲበዛ ሙዙ ቦታውን ለቀቀ። ሙዝ እንኳ ፎቶ አንሱኝ አይልም ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ ተንሳፍፋችሁ ሴንት ማርጋሬትስ ቤይ ስትደርሱ ባሕሩ ይቀበላችኋል፤ እናንተም ወርዳችሁ ወደ ሆቴላችሁ። ካፒቴኑስ? እሱ ባዶውን ታንኳ ሽቅብ፣ ፈሳሹን እየታገለ በዘንጉ ገፍቶ ይመለሳል። የሄዳችሁ እንደሆነ ጉርሻውን ከዚህ የመልስ ጉዞ ጋር አስቡት፤ በእጁም ስጡት።