ወደ መቅደላ የሚያወጣው መንገድና የአለት ወገኖች

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር እየተመራ ዙላ ላይ ከመርከብ የወረደው የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት እንደመጣ ይታወቃል። ለውጊያ ሳይሆን ለሌላ ሥራ አብረው ከዘመቱት መካከል ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነሱም። አንደኛው ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ነው፤ ሥራው የብራና መጻሕፍትና ቅርስ መሰብሰብ ነበር። ሁለተኛው በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ የእሱ ሥራ ድንጋይ መመርመር ነበር።

ከዙላ ወደ መቅደላ የሚወጣ ሰው ከአሮጌው አለት ተነሥቶ ወደ አዲሱ ይደርሳል። ከታች የሚያገኘው ልውጥ አለት ወይም ሜታሞርፊክ የሚባለው ወገን ነው። ብላንፎርድ ጉዞውን ሲጀምር ይህ ስም ከወጣ ገና 35 ዓመቱ ነበር።

ቀደም ሲል በጀርመን የፍራይበርግ መምህር የነበረው አብርሃም ቬርነር ጥንታውያኑ አለቶች ሁሉ ከባሕር ውኃ ዘቅጠው የተሠሩ ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር። የኤዲንብራው ጄምስ ኸተን ግን እ.ኤ.አ. በ1795 ባሳተመው መጽሐፉ የምድር ውስጥ ሙቀት አለትን ይሠራል፣ ይለውጣልም አለ። ተቃዋሚዎቹ ዝም አላሉም። የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል ዱቄት ኖራ ይሆናል እንጂ እንዴት እብነ በረድ ይወጣዋል? ሲሉ ጠየቁ። የኸተን ወዳጅ ሰር ጄምስ ሆል የኖራ ድንጋይ ፈጭቶ በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ አሽጎ አጋለው። ጋዙ ማምለጫ ሲያጣ፣ በግፊት ታፍኖ የጋለው ዱቄት እብነ በረድ የመሰለ ድንጋይ ሆነ። ከዚህ በኋላ ቻርልስ ላየል እ.ኤ.አ. በ1833 ለእንዲህ ዓይነቱ አለት ሜታሞርፊክ የሚል ስም ሰጠው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መልክ መለወጥ ማለት ነው። የጌታን መልክ መለወጥ የሚተርከው የማቴዎስ ወንጌል በግሪክኛው የሚጠቀምበት ግስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

ዛሬ አለቶች በሦስት ወገን ይመደባሉ። ቀልጦ የረጋው የእሳት አለት፣ ተጠራቅሞ የጠጠረው ደለላዊ አለት፣ ሳይቀልጥ የተለወጠው ደግሞ ልውጥ አለት ይባላል። ልዩነቱ ያለው "ሳይቀልጥ" በሚለው ቃል ላይ ነው። አለቱ በጥልቀት ተቀብሮ፣ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎና ተጨፍልቆ፣ ጠጣር እንደሆነ ማዕድናቱ እንደ አዲስ ይደራጃሉ። የሸክላ ጭቃ የነበረው በቀላሉ የሚሰነጠቅ ስሌት፣ ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ሺስት፣ ከዚያም ባለ ዝንጉርጉር መስመር ናይስ ይሆናል። የአሸዋ ድንጋይ ኳርትዛይት፣ የኖራ ድንጋይም እብነ በረድ ይሆናል።

ብላንፎርድ ከጠረፉ ወደ ሰንዓፈ የሚያወጣውን ገደል ሲወጣ ያገኘው እንዲህ ያለውን አለት ነበር። ዛሬ ዕድሜው ከ550 ሚሊዮን ዓመት በላይ መሆኑ ታውቋል። ከዚያ በላይ አዲግራት ላይ የአሸዋ ድንጋይ፣ እንጣሎ ላይ ደግሞ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የኖራ ድንጋይ ተነጥፏል። ከሁሉም በላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ ብላንፎርድ የታችኛውን ምድብ አሸንጌ፣ የላይኛውን መቅደላ አለው። ቴዎድሮስ የመጨረሻ ምሽጋቸው ያደረጉት አምባም ከዚሁ ድንጋይ የተሠራ ነው።

ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ፤ መቅደላም ተዘረፈች። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። የብላንፎርድ መጽሐፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1870 ለንደን ላይ ታተመ። ንብረቱ ተጭኖ ሲሄድ የአገሩ ስም በአለቱ ላይ ቀረ። የሥነ ምድር ተማሪ ዛሬም ስለ አዲግራት የአሸዋ ድንጋይና ስለ እንጣሎ የኖራ ድንጋይ ያጠናል። ስሞቹ ሳይንስ የገቡት በየትኛው ዘመቻ መንገድ እንደሆነ ግን ከትምህርቱ ጋር ሊነገረው ይገባል።